ዜሮ የሰጠሁት የቤት ሥራ



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር ላወጋችሁ የፈለግሁት የራሴን ስህተት ነው። የራስን ጥፋት አደባባይ ማውጣት ደስ ባይልም፣ ልጆች ላሏችሁ ወላጆችና በትምህርት ላይ ላላችሁ ወጣቶች ይጠቅም ይሆናል በማለት፣ አላህን (ሱ.ወ) ምሕረት እየለመንኩ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የማስተምረው በሐዋሳ ከተማ ቱላ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ሲባል ለብዙዎቻችሁ ቶሎ የሚታወሳችሁ ሐይቁና የሐይቁ ዳርቻ ነው። ቱላ ግን ሌላ መልክ አላት። በከተማው አስተዳደር ሥር እንደ ክፍለ ከተማ ብትቆጠርም፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ሲሉ እንሰትና ቡና የከበበው የገበሬ ቀዬ ይገኛል። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ጠዋት ሣር አጭደው፣ አንዳንዶቹ ውሃ ቀድተው ነው ወደ ክፍል የሚገቡት። አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ሲሆኑ ሙስሊሞቹ ጥቂት ናቸው።

የተመረቅሁት በሒሳብ ነው። ሆኖም በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደሚደረገው፣ ክፍለ ጊዜዬ ስላልሞላ የ7ኛ ክፍል የሥዕል ትምህርት ተጨመረልኝ። ዛሬ 7ኛና 8ኛ ክፍል «መካከለኛ ደረጃ» ይባላሉ፤ ሥዕልም ከሙዚቃና ከቴአትር ጋር በአንድ ትምህርት ሥር ይሰጣል። እኔ ስለ ሥዕል የማውቀው ከተማሪዎቼ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓርብ ቀን «ከቤተሰባችሁ የአንዱን ሰው ፊት ሥላችሁ ሰኞ ይዛችሁ ኑ፤ ከ10 ይታረማል» ብዬ አዘዝኩ። ሰኞ ደብተር ስሰበስብ ከሙስሊም ተማሪዎቼ አንዷ የሰጠችኝ ደብተር መሀሉ ላይ አንድ ገጽ ተቀዶ ነበር። ከስፌቱ ሥር በቀረችው ቁራጭ ወረቀት ላይ የሻሽ ጫፍ የሚመስል የእርሳስ መስመር ይታያል።

«ሥራሽ የት አለ?» አልኳት።

«ሠርቼ ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ሠርተሽ ከነበረ የት ሄደ?»

ዝም አለች። እኔም 0 ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ደብተር አለፍኩ። የ30 ሰከንድ ሥራ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የሳይንስ መምህሩ ስለዚህችው ልጅ አነሣልኝ። ንጹሕ አድርጋ የምትሥል ልጅ የአበባ ክፍሎችን ሥላችሁ አሳዩ ሲባል ስሞቹን ብቻ ጽፋ ሥዕሉን ባዶ ትታዋለች። በዕረፍት ሰዓት ጠራኋትና «አበባውንስ ለምን ተውሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ቲቸር፣ ሥዕል ሐራም ነው። አባቴ ቀደደው።»

«ምኑን?»

«አያቴን። አያቴን ሥዬ ነበር።»

ሱብሐነላህ! በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን እፍረት እንዴት ልግለጸው? እኔ እኮ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ሥዕል በዲናችን የተባለውን በልጅነቴ ተምሬዋለሁ። የክፍሉ በር ላይ ስደርስ ግን ያንን ትምህርት እንደ ጫማ አውልቄ ነበር የምገባው። ልጅቷ በመምህሯ ትእዛዝና በአባቷ ቁጣ መካከል ስትያዝ፣ ሁለቱንም ወገን ያውቃል ተብሎ የሚጠበቀው እኔ ዜሮ ሰጠኋት።

እውነቱን ለመናገር እፍረቱን ተከትሎ የመጣው በአባቷ ላይ ንዴት ነበር። «የልጅ ደብተር እንዴት ይቀደዳል? ትምህርት ጠላት ሆኖባቸው ነው» እያልኩ ቤቴ ገባሁ። ማታ ዒሻ ከሰገድኩ በኋላ ግን አንድ የማውቀው ሐዲስ ትዝ አለኝ። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ሥዕል እየሠራ የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብን ዓባስ (ረ.ዐ) ዘንድ መጥቶ ስለ ሙያው ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር የሚሥል ሰው በቂያማ ቀን ስለሚደርስበት ቅጣት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ይነግሩታል። ሰውየው ክፉኛ ደንግጦ ፊቱ ይለዋወጣል። ኢብን ዓባስም በዚያ ሁኔታ አላሰናበቱትም፤ ሥራውን መተው ካልቻለ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሁሉ እንዲሥል ነገሩት።

ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ግን የመጀመሪያው ግማሽ፣ ክልከላው ነበር። በዚያች ሌሊት ሁለተኛውን ግማሽ አሰብኩት። ኢብን ዓባስ አንዱን በር ሲዘጉ ሌላውን ከፍተውለታል። የልጅቷ አባት ዘግተዋል፤ ግን አልከፈቱም። እኔም ዜሮ ሰጥቻለሁ፤ ግን ምትክ አልሰጠሁም። ሁለታችን በዘጋነው መካከል የቀረችው ልጅ ከአያቷ ፊት አልፋ አበባውንም መሣል አቆመች።

በማግስቱ ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ አባቷ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ብየዳ ቤት ነው። ሰውየው ከቱቦላሬና ከላሜራ የግቢ በር ይሠራሉ። ስገባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ! ምነው፣ ልጅቷ አጠፋች እንዴ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ትምህርት አልጠላሁም፤ እኔ ያላገኘሁትን እሷ እንድታገኝ ነው ከእሳት ጋር የምውለው» አሉኝ። «ግን ነፍስ ያለው ሥዕል ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። ስቀድደው ተቆጥቼ ነበር። እናቴ መሆኗንም ያየሁት ከቀደድኩት በኋላ ነው።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። እኔም ለመናገር ያዘጋጀሁት ወቀሳ ሁሉ ጠፋብኝ። ለመሸሽ ያህል ግድግዳው ላይ የተደገፈውን በር እያየሁ «ይህን ኮከብ ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅሁ። በሩ መሀል ላይ ከቶንዲኖ የተሠራ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ፣ በዙሪያውም እርስ በርሱ የተጠላለፈ ክብ ነበረበት።

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት ይለኩታል?»

ሳቅ አሉና ጠመኔና ሲባጎ አነሡ። ሲሚንቶው ላይ ሲባጎውን በጣታቸው ተክለው አንድ ክብ አዞሩ። ከዚያም ያንኑ የሲባጎ ልክ ሳይቀይሩ ከክቡ ጠርዝ ላይ እየተነሡ ቅስት በቅስት ሲያስከትሉ፣ ስድስተኛው ልክ የመጀመሪያው መነሻ ላይ ወደቀ። ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ሲሚንቶው ላይ በቀለ! እኔ ይህንን በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ስንት ዓመቴ ነው፤ የክብ ሬዲየስ በክቡ ዙሪያ ልክ ስድስት ጊዜ የሚገባው የእያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ስለሆነና ስድስቱ ሲደመሩ 360 ስለሚሞሉ ነው። ሰውየው ግን ዲግሪውን ሳይቆጥሩ በእጃቸው ያውቁታል።

«ልጅዎን ይህን አሳይተዋት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ኧረ አላሳየኋትም። ይህ ሥዕል ነው እንዴ?»

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ሥዕል ማለት የሰውና የእንስሳ ምስል ብቻ ስለሚመስለን፣ «እኛ ሙስሊሞች ጥበብ የለንም» ብለን ለልጆቻችን እናወርሳቸዋለን። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በ10ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖረው ወዚር ኢብን ሙቅላ የዐረብኛ ፊደሎችን በቀለሙ ጫፍ በምትጣል ነጥብና በክብ እየለካ ሥርዓት አበጅቶላቸዋል። በስፔን ግራናዳ የሚገኘው የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ግድግዳ በኮከብና በሐረግ የተሸፈነ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ እ.ኤ.አ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጁገልን እንመልከት። የሐረር እናቶች ስፌት የቤቱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ያስጌጣል። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያሰባሰቧቸውና በሐረር ሙዚየም የሚገኙት የእጅ ጽሑፍ ቁርአኖችም የአባቶቻችን እጅ ምን ያህል የተባ እንደነበር ይመሰክራሉ። አላህ ውብ መሆኑንና ውበትን እንደሚወድ የሚገልጸው ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቦ ሳለ፣ ልጆቻችንን ከውበት እንዴት እናርቃቸዋለን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ መምህር እንጂ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ነፍስ ያለው ነገር ሥዕልን በሚመለከት የብዙ ዑለማዎች አቋም ክልከላ መሆኑ ይታወቃል፤ ስለ ፎቶግራፍ፣ ጥላ ስለሌለው ሥዕልና ለትምህርት ስለሚያስፈልግ ሥዕል ግን በዑለማዎች መካከል የአመለካከት ልዩነት አለ። የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የልጅነት አሻንጉሊቶች ታሪክም በሐዲስ መጻሕፍት ይገኛል። ስለዚህ ጥርጣሬ የገባው ቤተሰብ የሚያምንበትን ዓሊም ይጠይቅ። ለሁላችንም ግልጽ የሆነው ግን ከተከለከለው ይልቅ የተፈቀደው እጅግ ሰፊ መሆኑ ነው።

በዚያ ሳምንት ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራውን ለወጥኩት። ለሙስሊሞቹ ለብቻቸው ሌላ ሥራ መስጠት ከጓደኞቻቸው መነጠል ስለመሰለኝ፣ ሁሉም የሚሠራው አደረግሁት። ፊት መሣል የሚፈልግ ተማሪ በምርጫው እንዲሥል አልከለከልኩም፤ ክፍሉ የሁሉም ነውና። ከዚያ ወዲህ የሞከርኳቸውን እነሆ። ወላጆችም ቤት ውስጥ ልታሠሯቸው ትችላላችሁ፤ ወጪያቸው ከእርሳስና ከወረቀት እምብዛም አያልፍም።

1ኛ. ቅጠልን ማየት። ልጁ ከጓሮ አንድ የእንሰትና አንድ የቡና ቅጠል ያምጣ። እርሳስ ሳይነካ 10 ደቂቃ ይመልከታቸው። የእንሰቱ ጅማቶች ከመሀል አከርካሪው ተነሥተው ጎን ለጎን ወደ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ የቡናው ግን እንደ መረብ ይገናኛሉ። የቡና ቅጠል በቅርንጫፉ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደሚበቅልም ያስተውል። ከዚያ ይሣል። በሱረቱል ጋሺያ አላህ (ሱ.ወ) ወደ ግመል፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ተራሮችና ወደ ምድር አፈጣጠር እንድንመለከት ይጠራናል። የሥዕል ትምህርት የመጀመሪያው ክፍልም መመልከት ነው።

2ኛ. ክብና ኮከብ። ኮምፓስ ከሌለ ሲባጎና እርሳስ ይበቃል። ከላይ የጠቀስኩትን ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ይሥሩ። ቀጥሎ አንድ ካሬ፣ በእሱ ላይ ደግሞ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ሌላ እኩል ካሬ ቢደርቡ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። ሒሳብ የሚከብዳቸው ልጆች በዚህ ሥራ ሲበረቱ አይቻለሁ።

3ኛ. ቀለም ከማጀት። የተፈላ ቡና ቡናማ፣ እርድ ቢጫ፣ የተፈጨ ከሰል ጥቁር፣ ቀይ ሥር ሐምራዊ ቀለም ይሰጣሉ። ጥቂት የተሟሟ ሙጫ ቢጨመርበት ከሰሉ ወረቀቱን ይይዛል። የተቀባውን ወረቀት ግማሹን ሸፍነው ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት፣ የእርዱና የቀይ ሥሩ ቀለም ከጊዜ በኋላ ሲደበዝዝ ከሰሉ ግን ባለበት ይቆያል። እኛ በቁርአን ቤት በሉሕ ላይ የጻፍንበት ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጅ የነበረበትን ምክንያት ልጆቼ በዚህ ገባቸው። ሱረቱ ፋጢር ስለ ተራሮች ነጭ፣ ቀይና እጅግ ጥቁር መስመሮች የሚናገረውን አንቀጽ አብራችሁ ብታነቡት መልካም ነው።

4ኛ. ስፌትና ጠለፋ። በቤት ያለ መሶብ፣ ሰፌድ ወይም የቀርከሃ አጥር ይፈለግ። ልጁ ጥለቱን ቆጥሮ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ያስፍር። ስንት ጊዜ ነው የሚደጋገመው? የትኛው ቀለም ከየትኛው ይቀድማል? እናቱን ወይም አያቱን ይጠይቅ። አንድ የሲዳማ ተማሪዬ የአያቱን የቀርከሃ ቤት ጠለፋ ሥሎ ሲያመጣ፣ ከክፍሉ አንድም ልጅ እንዴት እንደሚጠለፍ አያውቅም ነበር፤ እሱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አስተማረን።

5ኛ. ስምን ማስዋብ። ከቀጭን ቀርከሃ ብዕር ቀርጾ የራሱን ስም በግዕዝ ፊደል፣ የሚችል ደግሞ በዐረብኛም ይጻፍ። የፊደሉ ቁመት ስንት ነጥብ እንደሆነ ይለካ። የአላህ ስም የተጻፈበት ወረቀት መሬት ላይ እንዳይወድቅ ልጆችን አደራ በሏቸው።

6ኛ. ሰውን ያለ ፊት መሣል። ይህችኛዋን ያገኘኋት የአያትየዋን ነገር እያሰብኩ ነው። ተማሪው አንድ የቤተሰብ አባል ይምረጥ፤ ፊቱን ትቶ የሚገለገልባቸውን ነገሮች ብቻ ይሣል። የሚያያቸው ሰው የማን እንደሆኑ ካወቀ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

በስድስተኛው የቤት ሥራ ልጆቹ ያመጡትን ብታዩ! አንዱ የአባቱን መዶሻና የተበላ ጫማ፣ ሌላዋ የእናቷን የቆጮ መፋቂያ፣ አንዱ ደግሞ የወንድሙን የባጃጅ መሪ ሥሎ መጣ። ያቺ ልጅ ደግሞ ጀበና፣ ሦስት ሲኒና ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ሻሽ ሣለች። ከሲኒዎቹ የአንዱ ጆሮ ተሰብሯል። ከጎናቸው ጠርዙ የሳሳ የሰላት ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ መሀሉ ላይ መቁጠሪያ ተቀምጧል። የምንጣፉን ጠርዝ የከበበው ጥለት የአባቷ በር ላይ ያለው ባለ ስድስት ቅጠል አበባ ነው። ለካ ሰውየው ሲባጎውን አስይዘዋት ኖሯል።

ከ10 ስንት እንደሰጠኋት አትጠይቁኝ። ያቺን 0 ግን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ከጎኗ ስሜን ፈረምኩባት፤ የኔ ስህተት መሆኑ በደብተሩ ላይ እንዲቀር።

በሳምንቱ አባትየው ባጃጅ ላይ ሆነው መንገድ ላይ አገኙኝና አስቆሙ። ደብተሩን ቤት ውስጥ እንዳዩት ነገሩኝ። «ከፈትኩት፣ አየሁት፤ ‹ይህማ እናቴ ናት!› አልኩ» አሉ። «ያንን የተሰበረ ሲኒ ጣይው ስንላት እምቢ ያለች እኮ ናት። ለራሷም አሳየናት፤ ሳቀች።» ጥቂት ቆይተውም «ልጄን አውፍ በይኝ ብያታለሁ» አሉኝና ሄዱ።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ከሐራም መጠበቅ ግዴታችሁ ነው፤ ማንም አይወቅሳችሁም። ነገር ግን የልጃችሁን ሥራ ከመቅደዳችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከመምህሩም ጋር ተነጋገሩ። አብዛኛው መምህር ሌላ የቤት ሥራ ለመስጠት ፈቃደኛ ነው፤ ምክንያቱን ካልነገራችሁት ግን ሊያውቅ አይችልም። የልጁንም ሥራ እናንተ አትሥሩለት፤ ጠማማ መስመር የሱ ከሆነ ይበቃዋል።

እናንተ ተማሪዎችም፣ ዲናችሁ የማይፈቅደው የሚመስላችሁ ሥራ ሲታዘዝ ዝም ብላችሁ ዜሮ አትቀበሉ። በአደብ ወደ መምህራችሁ ቅረቡና «ይህን አልሠራም» ከማለት ይልቅ «በዚህ ፈንታ ይህን ልሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ደብተር ላይ ገጽ ተቀዶ ስታዩ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ልጁን ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። እኔ ያንን ባደርግ ኖሮ ሦስት ሳምንት ያህል አንዲት ልጅ አበባ መሣል ባልፈራች ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ያጠፋነውን ይማረን፤ ልጆቻችንን በዲናቸው የጸኑ፣ በትምህርታቸው የበረቱ ያድርጋቸው። አሚን!

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።